ያልታረመው ግጥም

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፬
ጠዋት የገባው፦ ከሐሙሲት በርበሬ፣ ከይፋግ ጨው፣ ጥቂት ቅቤ። የአንዷ በቅሎ ጀርባ ተልጧል፤ ሰሞኑን አትጫንም። ቅቤው ለጣሊያኖቹ ምሽግ ነው።

አዲሱ ጫኝ ይማም ስልቻ ሲያወርድ መዳፉን አየሁት። ውሃ ቋጥሯል። የጫኝ እጅ አይደለም። ሰው ፊት እጅህን አትዘርጋ አልኩት።

ስሙ ይማም አይደለም። እውነተኛውን እዚህም አልጽፈውም። የክርስቲያን ልጅ ነው፤ አባቱ መሪጌታ ናቸው፣ የአባቴ ጎረቤት የነበሩ። ልጁ ፈረንሳይ አገር ሲማር ቆይቶ ጦርነቱ ሲጀመር ተመለሰ። አሁን ጣሊያኖቹ ባሕር ማዶ የተማረውን ሁሉ እየለቀሙ ነው። ከተወሰዱት የተመለሰ አላየንም። መሪጌታ መጥተው፣ «ሰይድ ወንድሜ፣ ይህን ልጅ ሰውርልኝ» አሉኝ። አሰብኩበት። የእስላም ነጋዴን ጫኝ ማን ይጠረጥራል? እሺ አልኩ። ቆብና ስም ሰጠሁት።

እሑድ፣ ኅዳር ፭
ዛሬ ኮርቻ ስንጠግን ዋልን። «ለመሆኑ ምን ነበር የምትማረው?» አልኩት። ሕግ ወይም ሕክምና መስሎኝ ነበር።

አይደለም። የመጀመሪያውን ትምህርት ጨርሶ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ጀምሮ ነበር። ትምህርቱ የአውሮፓ አገሮችን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመዛዘን ነው። አንድ ታሪክ ፈረንሳዮች ዘንድ እንዴት ተነገረ፣ ጀርመኖችና ጣሊያኖች ዘንድስ? ማን ከማን ወሰደ? ሲወስድ ምን ጣለ፣ ምን ጨመረ?

«ለዚህም መምህር ይቀመጥለታል?»

«ዕድሜያቸውን ሁሉ ለዚህ የሰጡ መምህራን አሉ፣ ጋሼ። ቤት ሙሉ መጻሕፍት አላቸው።»

ለምሳሌ ብሎ አንድ ተረት ነገረኝ። ሞት መንገድ መሽቶበት ድሃ ቤት ያድራል። በአንዱ አገር ድሃው ሞትን ያታልለዋል፣ በሌላው እግሩ ላይ ወድቆ ይለምነዋል፣ በሦስተኛው ተግባብተው አብረው ይጠጣሉ። ወስፌው እጄ ላይ ቆመ። ይህን እኮ እናቴ ትነግረን ነበር! እናቴ ደግሞ ከዚህ ከደብረ ታቦር ወጥታ አታውቅም። እንዴት ደረሳት? «እኔም አላውቅም፤ እሱን ነበር የምጽፈው» አለኝ።

ጨው ከአፋር ሜዳ ተነሥቶ እኔ ሱቅ እስኪገባ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ተረትም ሲራራ ነጋዴ እንዳለው ግን በዚህ ዕድሜዬ ዛሬ ሰማሁ።

ባለቤቴ ዘሀራ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ኖሯል። «ባሕር ተሻግሮ የተማረው ተረት ነው እንዴ? እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ አውቀው የለ!» አለች። ይማም ከልቡ ሳቀ። እዚህ ከመጣ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር ፮
ክፉ ቀን። በእርጋታ ልጻፈው።

ቅቤ የሚረከበው ወጣቱ መቶ አለቃ መጣ። የገበያ አማርኛ ይችላል። እኔ ስመዝን እሱ በሩን ተደግፎ፣ የጉናን ተራራ እያየ፣ በቋንቋው ግጥም ይል ጀመር። ቃሉ አይገባኝም፤ ግን ሲወርድና ሲወጣ ያምራል። መሐል ላይ ጠፋው። እጁን አንሥቶ ቆመ። መልሶ ጀመረ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ።

ከስልቻዎቹ በስተጀርባ ይማም ቀጣዩን ስንኝ ሰጠው።

የመቶ አለቃው ፊት ሞተች ያላት እናቱ ከጓዳ የጠራችው ሰው ፊት ይመስል ነበር። እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ጠላቴ መሆኑን ለአፍታ ረሳሁት።

ከሚዛኑ ዓይኔን ሳላነሣ፣ «ምጽዋ ላይ የካቶሊክ ካህናት ቤት እንጨት ሲፈልጥ ነው ያደገ፤ ሲሉ የሰማውን እንደ በቀቀን ይደግማል» አልኩ።

«ከዚያስ?» አለው መቶ አለቃው ይማምን። «ከዚያ በኋላስ?»

ይማም አፉን ከፍቶ እንደ ጅል አየው። ጥሩ አድርጎ ነው ጅል የሆነ። መቶ አለቃው ቅቤውን አስይዞ ሄደ።

በሩን ዘግቼ፣ «አንተ ምን ነካህ? ልታስጨርሰን ነው?» አልኩት። ስልቻው ላይ ቁጭ አለ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያደግሁት ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዱ ሲያዜም ቃል ቢጠፋው አጠገቡ ያለው ወዲያው ያቀብለዋል። እያወቁ ዝም ማለት ትልቅ ነውር ነው። አፌ ቀደመኝ።»

ልቆጣ አልኩና ቁጣው አልመጣልኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፯
መቶ አለቃው አልመጣም። ከምሽጉም ማንም አልመጣም።

ሳሰላ ዋልኩ። ዛሬ ባስወጣው፣ ሸሸ ማለት አመነ ማለት ነው። መሪጌታን ይይዛሉ፣ እኔን ይይዛሉ፣ ሱቁ ይታሸጋል። ባቆየው ደግሞ መቶ አለቃው ማዕድ ላይ እንደ ጨዋታ ቢያወራው አንዱ ክፉ ጆሮ ይሰማዋል። ለጊዜው ይቆይ። እንዳልደነገጥን እንታይ። ዘሀራ ምግብ አልበላ ብላለች።

ይማምን፣ «እንደገና ቢመጣና ቢጠፋው?» አልኩት።

«ምላሴን እነክሳለሁ።»

«ንከስ፤ ደም ቢወጣ ዋጠው።»

ረቡዕ፣ ኅዳር ፰
መጣ። ብቻውን። ቅቤ አልጠየቀም።

ጨው ስልቻ ላይ ተቀመጠና ያንኑ ግጥም ጀመረ። ዛሬ አልቆመም፤ እስከ መጨረሻው አወረደው። ይማም ጀርባውን ሰጥቶ በርበሬ ይከምራል። ከምሮ የጨረሰውን መልሶ ያወርዳል። አንድ ቦታ ላይ ትከሻው ዘለለ። ወዲያው ሌላ ቦታ ላይ አንገቱ ቀላ፣ ደም ሥሩ ተገተረ። ትንፍሽ አላለም። አላህን አመሰገንኩ፤ አለፍነው ብዬ።

መቶ አለቃው ተነሣ። በር ድረስ ሸኘሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰይድ፣ እኔ ዛሬ ሆን ብዬ ሦስት ቦታ አበላሸሁ። የማያውቅ ሰው አንገቱ እንደዚያ አይቀላም» አለኝ።

መንገዱን ግራ ቀኝ አየሁ፤ የሚሰማ የለም።

«ዓርብ ከጎንደር ሌላ ሹም ይመጣል። የነጋዴ ሠራተኛ ሁሉ ፊቱ ይቆማል» አለ። ቆቡን አጠለቀ። «እሱ ግጥም አይወድም።»

ሄደ። ወደ ኋላ አላየም።

ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ ስንወጣ ሊይዘን ነው? አላውቅም። ለይማም ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ዓርብ አይደለም። «ሆን ብሎ ነው? አውቆ ነው ያበላሸው?» አለኝና እፎይ አለ። «እኔ ረስቶት ነው ብዬ ልሞት ነበር!» ሞት በር ላይ ቆሞ፣ እነዚህ ሁለቱ፣ ገዳይና ተፈላጊ፣ ለአንድ ግጥም እንዲህ ይሆናሉ። ዕድሜዬን ሙሉ የማይሸጥ ዕቃ የለም እያልኩ ኖሬያለሁ። ይህን ግን በምን እንደምመዝነው አላውቅም።

ቆርጫለሁ። ጉና ላይ ገብስ የምገዛበት የይለፍ ወረቀት አለኝ። ከተራራው ወዲያ በረሃ የገቡት አርበኞች አሉ፤ ልጁን የሚቀበለውን ሰው አውቃለሁ። ለሚጠይቀኝ፣ ጫኙ ጠብ አንሥቶ መንገድ ላይ ጥሎኝ ሄደ እላለሁ። መሪጌታ ዛሬውኑ ወደ እኅታቸው አገር ተነሥተዋል።

ነገ ሐሙስ፦ ደህናዎቹን በቅሎዎች ጭኖ ገና ሳይነጋ መውጣት። ለይማም ወፍራም ጋቢ፤ ጉና ይበርዳል። ስመለስ ገብስ።