ክፍል ሁለት አይደለም ብዬ በስምህ ማልኩ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለሲራክ፣ ዱባይ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመምስ ተሻለህ? ሥራው ከበደ ወይስ ቀለለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእኔ ነገር ግን ደህና የሚባል አይደለም። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሌላ ሌላውን አውርቼ ዘጋሁት። ጎረቤታችን ናጅዋ ወደዚያ ልትመለስ ስለሆነ በእጇ ይድረስህ ብዬ ጻፍኩት።

«የገደሉ ዘበኛ» የሚባለውን ጌም አብረን ተጫውተን የጨረስን ዕለት የተባባልነውን አትረሳውም። ክፍል ሁለት ሲወጣ አንዳችን ያለ አንዳችን ላንነካው ቃል ተገባባን። ባለፈው ኅዳር አንድ ደንበኛ አዲሱን ሲዲ ከወልዲያ ይዞ ጌም ቤታችን መጣ። ሽፋኑ ላይ ሁለት የሚል ቁጥር የለም። ያው ዘበኛ፣ ያው ገደል። ደስ አለኝ፤ ይህ የፊተኛው ጭማሪ ነው፣ ቃሌም አይፈርስም ብዬ ጆይስቲኩን አነሳሁ።

ክርክር የማይጠግበው ሽንኩርት ነጋዴው ዛኪር ግን አልቀበል አለ። ጭማሪ ቢሆን ያለ ፊተኛው አይከፈትም ነበር፣ ይኸው ብቻውን ተከፈተ፤ ታሪኩም ዘበኛው ካረጀ በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ወላሂ ክፍል ሁለት ነው አለኝ። ልክ ነበር። ልክ መሆኑንም አውቄያለሁ። ግን ቤቱ ሙሉ ሰው ያየኛል፣ እጄም ጆይስቲኩን አልለቅ አለ። ሲራክ ይሙት ጭማሪ ነው አልኩ።

ዛኪር ወዲያው ክርክሩን ተወ። በወንድምሽ ከማልሽ ምን እላለሁ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብሎ ተቀመጠ። እኔም አሥር ቀን ተጫውቼ ጨረስኩት።

ከዚያ ስልክህ ዘጠኝ ቀን ጠፋ። ሞትህን በገዛ አፌ የጠራሁብህ መሰለኝ። በአሥረኛው ቀን ስልክህ ተበላሽቶ እንደነበር ነገርከኝ። አልቅሼ ሳልጨርስ፣ ክፍል ሁለት ወጣልሽ፣ ገዝቼዋለሁ፣ አንቺን እየጠበቅሁ ፕላስቲኩን እንኳ ሳልቀድ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ አልከኝ። እኔም እንዳላወቀ ሰው፣ ወጣ እንዴ? አልኩህ። ወንድሜ፣ ከመሐላዬ ይልቅ ይቺ ጥያቄዬ ታሳፍረኛለች።

ባለፈው ሳምንት ለዛኪር በዚያው ሰው ሁሉ ፊት እውነቱን ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። አላህ ዕድሜውን ያርዝምልሽ፣ ይቅርታውን ከእሱ ጠይቂ አለኝ። እማዬም ሰማች፤ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ክፍል ሁለት ነው ወንድሜ። ያለ አንተ ነካሁት፣ መጨረሻውንም አውቀዋለሁ። ጠብቀኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ፕላስቲኩን ቅደደውና ለብቻህ ተጫወተው። ጨክነህ ከጠበቅኸኝ ደግሞ፣ ስትመጣ ጆይስቲኩን ላንተ ትቼ ዘበኛው ምን እንደሚሆን ሳልተነፍስ አጠገብህ እቀመጣለሁ።

አባባ ከሲሪንቃ በየቅዳሜው ይመጣሉ፤ ውኃ በደንብ ጠጣ ብለውሃል። እህታችን እታፈራሁ የልጇ ጥርስ መብቀሉን ንገሪልኝ ብላለች። ዛኪርም እጅ ነስቶሃል። እማዬ ደግሞ ዛሬ አኩርፋም ቢሆን አጠገቤ ተቀምጣለች። ጉንጭህን ስሜዋለሁ ብላሃለች፤ እኔን ደግሞ ስምሽን ከመጻፍሽ በፊት ይሙት ያልሽውን አፍርሺና ጻፊ ብላኛለችና፣ ይኸው፦ ሲራክ ይኑር።

እህትህ ሳራ
መርሳ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.