የራዲያተሩ ሁለት አፎች

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ባየህ ቁጥር እንደ አሮጊት ትነጫነጫለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ትልቋ ልጅህ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? ትንሹ «ሚኒስትር»ስ አሁንም ጫማ አላደርግም እያለ ቤቱን ያምሳል? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። የቀረውን እዚሁ እነግርሃለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ማለትህ አይቀርም። አንተን አውቅሃለሁ፤ ነገር ሲከብድህ ወደ ቀልድ ትሸሻለህ። የምነግርህን ከመሀል አቋርጠህ እንዳትቀልድበት ብዬ ነው የጻፍኩት። ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱ ይቆይ።

የምሠራበትን ክፍል አንድ ጊዜ መጥተህ አይተኸዋል። ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ የተለጠፈበት፣ አንተ «ፍራሽ ቤት» ብለህ ስም ያወጣህለት። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍትን በድምፅ እንቀዳለን። አንባቢያችን ታነባለች፣ እኔ እቀዳለሁ፣ ቆርጬ አስተካክዬ አስረክባለሁ፤ ከዚያ መርማሪው ይሰማውና ወይ ያሳልፈዋል ወይ ይመልሰዋል። መርማሪው ራሱ ዓይነ ስውር ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ ገጥሞኝ አያውቅም፤ አንባቢያችን ምራቋን ብትውጥ በየትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደዋጠች ይነግርሃል።

ከሁለት ወር በፊት የሰባተኛ ክፍል ሳይንስን ሙሉውን መለሰብኝ። ከቃላቱ ስር ንፋስ አለበት አለኝ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ንፋስ የለም። ድምፁን ከፍ አደረግኩት፤ አሁንም የለም። ሰውዬው ነገር ፈልጎኝ ነው ብዬ ተናደድኩና ኃላፊያችን ዘንድ ሄጄ ከሰስኩት። እሷ መጣች፣ ማዳመጫውን አደረገች፣ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ አወለቀችና የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ነው አለች። በሩ ላይ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ሳትቀር፣ ቆየ እኮ እንዲህ ከሆነ አለች። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? አዎ፣ እኔም ላስተካክለው እያሰብኩ ነበር አልኩ። ውሸቱ እንዴት ፈጥኖ ከአፌ እንደወጣ አሁንም ይገርመኛል።

መፍትሔውንም እኔው አመጣሁት። ኮምፒውተር በውሃም ይቀዘቅዛል። ውሃው ትንሽ ፓምፕ እየገፋው ከሚግለው ዕቃ ላይ ሙቀቱን ይዞ በጎማ ይወጣል፣ ራዲያተር ውስጥ ዞሮ ይበርድና ይመለሳል፤ እንደ መኪና ማለት ነው። ግድግዳውን በስተን ራዲያተሩንና ማራገቢያዎቹን ኮሪደሩ ላይ ብናደርጋቸው፣ እዚያ እንደፈለጉ ይጩሁ። ኮምፒውተሩን ራሱን እንዳናወጣው ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ሌባ ገብቶብናል። ራዲያተር ግን ማን ይሰርቃል?

አሮጌ ራዲያተር ጌም ከሚወድ አንድ ሰውዬ አገኘሁ። ሁለት አፍ አለው፣ አንዱ መግቢያ አንዱ መውጫ። አፎቹ ላይ ገብቶ ጎማውን የሚይዘው ፊቲንግ ግን የለም፤ ሰውዬው ቤት ሲቀይር ጠፍቶበታል። ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ ለሁለት ፊቲንግ ስንት ቀን እንደዞርኩ ብነግርህ ትስቅብኛለህ። ራዲያተሩን በፌስታል አንጠልጥዬ የቧንቧ ዕቃ መሸጫዎቹን ከዳር እስከ ዳር አዳረስኳቸው። የቧንቧው ፊቲንግ ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል። አንዱ ሻጭ አጥብቂው እንጂ፣ ብረት ልመና አይወድም ብሎ መፍቻውን ሲያነሳ ራዲያተሬን ከእጁ ቀማሁት። የመኪና ዕቃ ሻጩ የምን መኪና ነው አለኝ። የኮምፒውተር ነው ስለው፣ ታዲያ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎ ደንበኞቹን አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን እንዳለ ያወቅኩት ግን ስቄ ከጨረስኩ በኋላ፣ አጠገቤ የቆመችውን ሴትዮ ጠይቄ ነው። ጄነሬተር በሚጮህበት ሱቅ ሁሉ እንዲሁ ነበር። ግማሹን ከከንፈራቸው አነሳለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ፣ እሺ እሺ እላለሁ፤ እሺ ያልኩበትን ዕቃ ይዤ ቢሮ ስደርስ አይገጥምም፣ በማግስቱ ልመልስ እሄዳለሁ። ነገሩ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ።

በአምስተኛው ቀን ፊቲንጎቹን ከነሐስ ላስቀርጽ አንድ ቶርኖ ቤት ገባሁ። የማሽኖቹን ጩኸት ያወቅኩት ወለሉ እግሬን ሲያንቀጠቅጠው ነው። እዚያ ቤት በአፉ የሚያወራ የለም። ባለ ቶርኖው በጣቱ ይለካል፣ በቅንድቡ ይጠይቃል፣ ራሱን ነቅንቆ ይስማማል። ከስንት ወር በኋላ ሰው የሚለኝ ሁሉ ገባኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ የነሐሱ ፍቅፋቂ ሲረግፍ እያየሁ ዋልኩ፤ ሥራው አልቆ እንኳ መሄድ አስጠላኝ።

ሲያስረክበኝ ደጅ አውጥቶ አስረዳኝ። የቧንቧ ጥርስ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ውሃ የሚያቆመውም እርስ በርሱ ተናክሶ ነው። የራዲያተሩ ጥርስ ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ ውሃ አያቆምም። የምታቆመው ከፊቲንጉ አንገት ስር የምትቀመጠው ቀለበት ጎሚኒ ናት። ቴፕ እንዳትጠቀልዪበት፣ በእጅሽ አጥብቂና በመፍቻ ትንሽ ብቻ ጨምሪ አለኝ። ይህን ሁለት ጊዜ ነገረኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ አፉን እያየሁ ተቀበልኩት።

ታዲያ ያንተ እህት አይደለሁ? እጄ የሚያውቀው ያንተን ትምህርት ነው፦ አሥራ ሁለት ዙር ጠቅልዪ፣ እስኪያለቅስ አጥብቂ። የባለ ቶርኖውን ቃል ወዲያ ጥዬ ነጩን ቴፕ አሥራ ሁለት ዙር ጠቀለልኩ፣ ጎሚኒዋንም ደረብኩ፣ እስኪያለቅስ አጠበቅኩ። በየመጋጠሚያው ስር ደረቅ ወረቀት አንጥፌ ውሃውን ለቀቅኩት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱ ራሰ። የቴፑ ውፍረት ጎሚኒዋ በወጉ እንዳትቀመጥ አድርጓት ነበር። እንግዲህ ለቤትህ ቧንቧ ሁሉ የሠራ ትምህርት እዚህ ጋ አልሠራም፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ቴፑን ላጥኩት፣ ጥርሱን በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩ፣ ጎሚኒዋን ቅባት ነካ አደረግኳትና እንደታዘዝኩት በእጄ አጠበቅኩ። ቅዳሜ አዲስ ወረቀት አንጥፌ ፓምፑን እንደከፈትኩ ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት እየሮጥኩ ገብቼ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጉንጬ ላይ አስጠጋኋቸው። ሁሉም ደረቅ ነበሩ። ከደስታዬ ብዛት የጽዳት ሠራተኛዋን አቀፍኳት።

ኃላፊዋን፣ አንባቢዋንና መርማሪውን ጠራኋቸው። በሉ ስሙ፣ ጸጥ ብሏል አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። አንባቢያችን መጽሐፉን ገለጠች፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችና፣ የጣድሽው ውሃ አለ እንዴ አለችኝ። ኃላፊዋ ግንባሯን ቋጠረች። እጄን ፓምፑ ላይ ሳሳርፍ መዳፌ ስር ተንተከተከ። ጎማው ውስጥ አየር ቀርቶ ኖሯል። ፓምፑ ውሃና አየር እያላመጠ ክፍሉን በጩኸት ሞልቶታል፣ ሁሉም ይሰማዋል፤ እኔ ጸጥ ብሏል እያልኩ መሀላቸው ቆሜያለሁ።

ሳቅኩ። አየር ነው፣ አሁን ይወጣል አልኩ። መርማሪው ሌሎቹን ሻይ ጠጥታችሁ ኑ ብሎ ሸኛቸውና በሩ ሲዘጋ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው አለኝ። ምኑ ብዬ ቆጣ አልኩ። ሰው ሥራ እየሠራ ሲያወራ ድምፁ አንዴ ወደ ግድግዳ አንዴ ወደ ጠረጴዛ ይሄዳል አለኝ፤ ያንቺ ግን ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ ነው የሚመጣው፣ ወደ እኔ ሳትዞሪ መልሰሽልኝ አታውቂም። ላስተባብል ብዬ አፌን ስከፍት ልቅሶ መጣ። ቀስ በይ፣ ውጭ ድረስ ይሰማል አለኝ። የራሴን ልቅሶ ልክ እንኳ አላወቅኩትም።

አዎ ወንድም ጋሼ፣ ጆሮዬ እየሄደ ነው። ዓመት አልፎታል። ሥራዬን ስክሪኑ ላይ በሚታየው የድምፅ መስመር፣ በዓይኔ እየቆረጥኩ ነው የከረምኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባል የለ? አንባቢዋም የጽዳት ሠራተኛዋም ለካ ሲያሙኝ ከርመዋል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። መርማሪው ለማንም አልናገርብሽም፣ ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ እነዚህ ልጆች መጽሐፋቸው ጆሯቸው ነው፣ ንፋስ አትሙዪባቸው አለኝ። ይህችኛዋ አንጀቴን ቆረጠችው።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ራዲያተሩን አፎቹ ወደ ላይ እንዲሆኑ አዘነበልኩት፣ ጎማውን ከታች ወደ ላይ እየጨመቅኩ አየሩን ነዳሁት። እሱ ጆሮውን አስጠግቶ አለ፣ አለ፣ ቀነሰ ይለኛል። በመጨረሻ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ጠፋ አለኝ። ሳይንሱን እንደ አዲስ ቀድተን አልፎልናል። ለኃላፊዋ ረቡዕ ዕለት በገዛ አፌ ነገርኳት። ተመርመሪና እንነጋገራለን አለችኝ። ምን ልትለኝ እንደሆነ አላውቅም። ሌላ የምችለው ሥራ የለም፤ እፈራለሁ።

ከሥራው በላይ ደግሞ አባባ ነው የሚያስፈራኝ። ጆሮው የሄደው ላሜራ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ነው እንል አልነበር? ምሳ ላይ እኔና አንተ ድምፅ ሳናወጣ ከንፈራችንን ብቻ እያንቀሳቀስን የምናወራ እንመስል ነበር። ማንኪያውን አስቀምጦ አንዴ ያንተን አንዴ የእኔን አፍ ሲያይ፣ ከጠረጴዛው ስር በእግር እየተነካካን እንስቅበታለን። አንድ ቀን ሳህኑን ይዞ ተነሳና መኝታ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ጋር በልቶ አያውቅም። እማማ አኩርፎ ነው አለችን፣ እኛም ተገላገልን። ይቅርታ ሳንለው ሞተ። ይህን ካንተ በቀር ለማን እነግራለሁ?

ጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ልይዝ ሄጄ ነበር። ካርድ ክፍል ያለችው ነርስ በቤተሰብ አለ ወይ አለችኝ። አባቴ፣ እሱ ግን ከሥራው ጩኸት ነው አልኳት። ላይሆንም ይችላል፣ አንዳንዱ ከወላጅ ይወርዳል አለችና ወንድም እህት እንዳለኝ ጠየቀችኝ። አንድ ታላቅ ወንድም አለኝ፣ እሱ ደህና ነው አልኳት። ይህን ብዬ ሳልጨርስ የባለቤትህ መልእክት ትዝ አለኝ።

ባለፈው ወር ጽፋልኝ ነበር፤ እንዳትቆጣት። ከኋላው ስጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል፣ ልጆቹ ሲያወሩት ዝም ብሎ ይስቃል፣ አሁን አሁንማ ምግቡን ይዞ ለብቻው መኝታ ቤት ነው የሚበላው፣ ልቡ ሌላ ሴት ጋ ሄዷል መሰለኝ፣ እህቱ ነሽና ካወቅሽ አትደብቂኝ ብላኛለች። እኔ የራሴን ስደብቅ ለእሷ የሚሆን ልብ አልነበረኝምና መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። ትናንት ቁጭ ብዬ ደግሜ አነበብኩት።

እባክህ ይህን ደብዳቤ ስትጨርስ ለእሷ ስጣት። ከእኔ ከምትሰማው ካንተ ይሻላታል። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሐኪም ቤቱ በር ላይ እጠብቅሃለሁ፤ ብቻዬን መግባት ስለምፈራ አትቅርብኝ። ካርድ ያወጣሁት ለሁለት ሰው ነው።

ፈጣሪ ቤትህን ከነሳቁ ይጠብቅልህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ ጉልበትህንም ለዚያ መንገድ ያበርታልህ።

የምትወድህና የምትጠብቅህ
ታናሽ እህትህ