የፀሐይ መብራትና የኦቦ ዳባ ዋርካ

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ እማዋይሽ፣

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የደብረ ሲና ብርድ ዘንድሮ ጠናብሽ ወይስ ራራልሽ? ወንድሜ ገሠሠስ? ይህን የምታነብልሽ ሚስቱ ትሩፋትስ? ላሟስ ወለደች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም። ልጄ ሚካልም ሳሉ ለቋታል።

አምና ስትመጪ እንቅልፍ የነሣሽ ጀነሬተር ትዝ ይልሻል? ዕድራችን ለመንገዱ መብራት ብሎ ወንዙ ዳር ያቆመው። ጭሱ ሚካልን ያስላት ነበር። ዘይቱ ደግሞ ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ የጎረቤታችን የኦቦ ዳባ ከብቶች አሽትተው ይመለሱ ነበር። ኦቦ ዳባ አባት አያታቸው እዚሁ ፉሪ ያረሱ ገበሬ ናቸው። ስንት ጊዜ አቤት አሉ፤ እኛ ግን ጨለማውን ፈርተን ዝም አልን።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በፀሐይ የሚሠራ የመንገድ መብራት ልትከልላችሁ አለን። ነዳጅ አይፈልግም፣ አይጮኽም፣ አያጨስም። ከአናቱ ያለው ሰሌዳ ቀን የፀሐይን ኃይል ያጠራቅምና ሲመሽ ራሱ ይበራል። ደስ ብሎን ተቀበልን። ባለሙያው መጥቶ ሲያይ ግን መታጠፊያው ላይ የኦቦ ዳባ ዋርካ ጥላውን ጥሏል። ጥላ ካለ ሰሌዳው አይሠራምና ዛፉ ይቆረጥ አለ። የዕድሩ ሰው አብዛኛው ተስማማ።

ኦቦ ዳባ ከስብሰባው መሀል ተነሡ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «ወንዙ ሊጸዳልኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ደግሞ ዛፌን ልትጥሉት ነው?» አሉ። አንዱ ከኋላዬ፣ ሰውዬው መብራት ጠልተው ነው ሲል ሰማሁ። ብድግ አልኩ። «ከማዶ ያለውን የእኛን አጥር ጥግ ፀሐይ ይመታዋል፤ እዚያ ይተከል» አልኩ።

እማዬ፣ ያ ጥግ ላንቺ ክፍል ልንሠራበት ያሰብነው ነው። ባለቤቴ ኖላዊ እናትሽን የት ልታሳርፊ ነው ብሎ አኮረፈኝ። እውነቱን ነው፤ ሳላማክረው ነው የተናገርኩት። ተኮራርፈን ሰነበትን። በኋላ ኦቦ ዳባ ራሳቸው ቤታችን መጡ። «የጓሮ አጥራችሁን ወደ እኔ እርሻ ግፉት። እናትሽ የሚያርፉበት አይጥፋ» አሉ። ኖላዊ ያን ዕለት ሳቀ። የክፍልሽ ግድግዳ ሲመረግ የኦቦ ዳባ ሚስት ሶሬቲ ጭቃውን አብራኝ አቦካች።

አሁን መብራቱ ከተተከለ ወር አልፎታል። ደመና የዋለ ዕለት ትንሽ ይደክመዋል እንጂ ደህና ነው። ጀነሬተሩ ተነሥቶ ወንዙ ጠርቷል፤ ከብቶቹም ይጠጡታል። ማታ ከታክሲ ስንወርድ ባትሪ ማብራት፣ ያለቀውን የባትሪ ድንጋይም ቦይ ውስጥ መወርወር ቀረ። ሲመሻሽ ዋርካው ላይ የሚሰፍሩት ወፎች ጫጫታ ይሰማናል፤ ለካ ድሮም ነበሩ።

ክፍልሽ ጭቃው እየደረቀ ነው። ጥምቀትን እዚያ አክብሪና ነይ። ኪዳን ለማድረስ ወደ ሃና ማርያም ስትሄጂ መንገዱ ብርሃን ነው።

ገሠሠን ሳሚልኝ። ትሩፋትን፣ አንባቢዬን፣ እጅሽን ይባርከው በዪልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ኖላዊ እጅ ነሥቷል፤ ሚካል ጉልበትሽን ስማለች። ኦቦ ዳባም ባገኙኝ ቁጥር «መቼ ነው የሚመጡት?» ይሉኛል። የምነግራቸው አጥቻለሁና ቀኑን ቁረጪልኝ።

ልጅሽ አምሳለ
ፉሪ፣ ከላፍቶ ወዲያ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 3 ቀን 1991 ዓ.ም.