ያልተጠራው ስም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ የወደቅሽበት እግርሽ ብርዱን እንዴት ቻለው? አባባስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ግን እንደ ወትሮው አፌን ሞልቼ አይደለም፤ ልጽፍልሽ የተቀመጥኩትም እሱን ልነግርሽ ነው።

ጥያቄዬ በዚሁ ማለቁ ሳይገርምሽ አይቀርም። ሌላ ጊዜ የደብዳቤዬ ግማሹ እንዴት ነሽ፣ እውነት ደህና ነሽ፣ እንዳትደብቂኝ ነበር። ክርክር የማይታክተው ወንድሜ፣ ጠበቃው፣ «ይቺ ልጅ የምትልክልን ደብዳቤ ነው ወይስ የምርመራ ጥያቄ?» እያለ ሲስቅ በስልክ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ አንዴ ብቻ እንድጠይቅ ታዝዣለሁ። እጄ ግን ተመልሶ ሊጠይቅሽ ያሳክከዋል።

ባለፈው ዓመት ከደረጃው ተንሸራተሽ የወደቅሽበት ቀን አለ አይደል? ያን ቀን ጠዋት እንቅልፍ ጥሎኝ አርፍጄ ተነሣሁና ሳልጸልይ ወደ ሥራ ሮጥኩ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸና መውደቅሽን ሰማሁ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በሆዴ «የጣልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሁላችሁንም ስም እየጠራሁ እጸልያለሁ። ይህ ምን ክፋት አለው ትዪኝ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ነገር ግን በአንዱ ስም ላይ ሐሳቤ ሸርተት ካለብኝ ያልተጸለየ ይመስለኝና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ጎረቤት በር ይዘጋል፤ እንደገና። ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ እንደገና። ካፖርቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣ በሩን ይዤ ቆሜ እንደገና። አውቶቡሱ ጥሎኝ ይሄዳል። አንድ ስም ከሳትኩ ያው ደረጃ ላይ ቆመሽ የምትወድቂ ይመስለኛል።

ይባስ ብሎ እስከ ሥራ ቦታ ተከተለኝ። የምሠራበትን ልብስ ማጠቢያ ቤት ታውቂዋለሽ፤ ፎቶ ልኬልሽ «የሚታየኝ እንፋሎት ብቻ ነው፣ አንቺ የታለሽ?» ያልሽው ነው። በቀደም የአንድ ሙሽራ ሱሪ ላይ ካውያውን እንዳሳረፍኩ ስማችሁን ስጠራ ያነቃኝ ጭሱ ነው። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሱሪውን ሳይጮህብኝ አየና «ሌላ ልብስ ብታቃጥዪ ግን በሰላም እንለያያለን» አለኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትዪ የለ? እኔም ሰው ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ክሊኒኩ የጠቆመኝ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ በደንብ አዳመጠኝ። መጨረሻ ላይ ግን «ለጊዜው ጸሎቱን ብትተዪውስ?» አለኝ፤ ሲጋራ ተዪ እንደሚባለው። እኔ ጸሎት ትቼ ማን ልሆን ነው? ተመልሼም አልሄድኩ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ አማከርኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሰሙኝና «ልጄ፣ ጠላት ነው የሚያዘናጋሽ፤ ጸሎትሽን አብዢ» አሉኝ። ታዛዥ አይደለሁ? አበዛሁ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው፤ ከበሩ አልፌ መውጣት አቅቶኝ ከሥራ እስከ መቅረት ደረስኩ።

ሦስተኛዋን ያገኘችልኝ አብራኝ የምትተኩሰው፣ ቀጭኗ የምንላት ልጅ ናት። «እግዚአብሔርንም ሕክምናውንም የምታውቅ አማካሪ አለች፤ እኔን ከሐዘኔ ያወጣችኝ እሷ ናት» አለችኝ። ቢሮዋ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ነው። ደረጃውን የወጣሁት አንቺን እያሰብኩ፣ መደገፊያውን ጭምድድ አድርጌ ነው። መጽሐፍ ቅዱሷ ከትምህርት መጻሕፍቷ መካከል ተሰክቷል፤ ከሁሉም ጀርባው ያለቀው እሱ ነው። ይህን ሳይ ትንሽ ተነፈስኩ።

ጸሎቱን ስትጨርሺ ምን ይሰማሻል አለችኝ። ፋታ አልኳት። እስከ መቼ ስትለኝ፣ ካውያው እስኪግል አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ሕመም እንዳለ፣ አንዱን እጁን ሲያሳጥበው እንደሚውል፣ ሌላውን በሩን መቆለፉን ለማየት እንደሚያመላልሰው፣ አማኙን ደግሞ በጸሎቱ እንደሚመጣበት አስረዳችኝ። «ጸሎትሽን አልወስድብሽም፤ ከፍርሃት እጅ ነው የምናስመልሰው» አለችኝ። መድኃኒቱ ግን መራራ ነው፤ ሐሳቤ ቢሄድም ባይሄድም ስማችሁን አንዴ ጠርቼ፣ አሜን ብዬ መውጣት። «ያንቺ ሐሳብ ስለሄደ እግዚአብሔር እኔም ልሂድ አይልም» አለች። ከዚያ ራሷ ጸለየችልኝ፣ አጭር ጸሎት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁንም እፈራለሁ። ሽማግሌው ልክ ቢሆኑስ? ይቺ ሴት በለስላሳ አንደበቷ ከእምነቴ እያወጣችኝ ቢሆንስ? ከሁሉ በላይ የፈራሁት አንቺ የምትዪውን ነው፤ ጸሎት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሻ። አማካሪዋ ግን የእናትሽ ጸሎት እንዴት ነበር ብላ ስትጠይቀኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንቺ እኮ ድስት እያማሰልሽ ነበር የምትጸልዪው። መሐል ላይ «እሳቱን ቀንሺው!» ትዪኝና ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ከመጀመሪያው ስትጀምሪ አይቼሽ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ እርጂኝ። ስደውል ደህና ነሽ ወይ ብዬ አንዴ ብጠይቅሽ መልሺልኝ። ብደግመው ግን እንዳልሰማ ሁኚና የጎረቤት ወሬ ንገሪኝ። ለሐሜቱ አብረን ንስሐ እንገባለን።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ጠበቃውን ሚስትህ አንድ ቀን እንኳ ትርታህ በዪልኝ፤ እሷንም ሰላም በያት። የእነሱን ሚጢጢ ጉንጯ እስኪቀላ ሳሚያት። አክስቴን መነጽሯ ፍሪጁ ላይ ነው በያት፤ ሁልጊዜ እዚያው ነው። የረሳሁት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ፤ ተመልሼ እንዳላይ ተከልክያለሁ።

የዚህ ሳምንት ትእዛዝ ደግሞ ከሁሉም ከበደኝ። ከስሞቹ አንዱን ሳልጠራ፣ ለእግዚአብሔር ትቼ እንድወጣ ነው። ቀለል ካለሽ ጀምሪ ብላኝ ነበር፤ ቀላል ስም አጣሁ። ዛሬ ጠዋት ያንቺን ሳልጠራ ወጣሁ። ይህን የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት ነው፤ ስልኩን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ደፍቼዋለሁ፣ ሲጮህ ነፍሴ ትወጣለች። መደወል እችላለሁ፤ አልደውልም። አንቺም ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ ምን ሠርተሽ እንደበላችሁ ጻፊልኝ።

አሁን ደህና መሆንሽን አላውቅም፣ እማዬ። ይህችን መስመር እያነበብሽ ከሆነ ግን፣ እኔ ሳልጠራሽ ውለሽ አድረሻል።

ልጅሽ

ከልብስ መተኮሻው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ኅዳር ፱