ሰብሪና ወንዛዬ የሳቀች ዕለት

ጥር 14

ገበያ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ በማሽናችን ሩዝ ስንፈለፍል ዋልን። ባሌ አብዱልአሊም ፀጉሩም ቅንድቡም በገለባ ነጥቶ ገባ። «ሽማግሌ ነው እንዴ የዳሩኝ?» ብዬ ሳቅኩበት። ሰብሪናን የማሽኑ ጩኸት አይረብሻትም፤ ጆንያ ላይ ተኝታ ዋለች። አምስት ወር ሆናት። እግሯን ግን አሁንም አታወራጭም... ወገቧ ላይ ያለችው እብጠት ትሆን? ነገ ባሕር ዳር እንወስዳታለን።

ጥር 15

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ነው የነገረን። ገና ሆዴ ውስጥ እያለች የጀርባ አጥንቷ ሳይገጥም ቀርቷል። ነርቯ ተጎድቷል። ከጉልበቷ በታች አይሰማትም። እግሯን በመርፌ ጠቅ አደረገው... እሷ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሰጠን። እንዳይብስባት ነው እንጂ የሄደውን አይመልስም አለ። «ከእሳት፣ ከሙቅ ውሃ ጠብቋት።» ሰምቻለሁ።

አብዱልአሊም ወረታ ቤታችን እስክንገባ እግሯን በእጁ ይዞ መጣ።

ጥር 19

ሩዝ እየሰፈርኩ መርፌው ይመጣብኛል። ደንበኛ ያናግረኛል፣ አልሰማም። ምን በልቼ ነው? ምን ከባድ ነገር አንስቼ? ሐኪሙ ያንቺ ጥፋት አይደለም ብሏል። ታዲያ የማን ነው?

ጥር 23

የባሌ እናት እማማ አሪፋ መጡ። እሳቸውን ወገባቸውን ያሻላቸው የወንዛዬ ፍል ውሃ ነው። «ደሟ ረግቶ ነው፣ ሙቀት ይፈታዋል። ስንቱ በቃሬዛ ገብቶ በእግሩ ወጥቷል» አሉ።

«ሐኪሙ ሙቅ ውሃ አይንካት ብሏል» አልኳቸው።

«በምድጃ የፈላውን ማለቱ ነዋ። ይኸማ የአላህ ውሃ ነው።»

አብዱልአሊም ወደ ማሽኑ ወጣ። እኔ ዝም አልኩ። መሄድ ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት።

ጥር 26

ከወንዛዬ አሁን ገባን። መጀመሪያ እጄን ከተትኩ። ያቃጥላል፣ ግን ይቻላል። እማማ አሪፋ እስከ ጉልበታቸው ገብተው «አምጫት» አሉኝ። እግሯን ነከርኩት። አላለቀሰችም። የእማማ አሪፋን ሻሽ ልትይዝ እጇን እየዘረጋች ሳቀች። «አየሽ፣ ተስማማት።» ብታለቅስ አወጣት ነበር... ስላላለቀሰች ቆየን።

ሳወጣት እግሯ ቀልቷል። «ደም ገባለት» አሉ። አመንኳቸው። ሁልጊዜ የሚቀዘቅዘው እግሯ ሞቆ ነበር፤ እየደጋገምኩ ሳምኩት።

ጥር 27

ካልሲዋን ሳወልቅ ቆዳዋ አብሮ መጣ።

የካቲት 2

ቁስሏን ለማሳጠብ ጤና ጣቢያ እንመላለሳለን። ቀዶ ሕክምናው ቁስሉ እስኪድን ተራዘመ።

ሳቋ አለቀቀኝም። ማሽኑ ሲነሳ እሰማዋለሁ፣ ሲቆምም እሰማዋለሁ። ዛሬ ጓዳ ሆኜ ስትስቅ ሰማኋትና ሮጬ እግሯን ገልጬ አየሁ። ምንም የለም። አባቷ እያጫወታት ነው። ደንግጦ አየኝ። ልጇ ስትስቅ የምትፈራ እናት ሆንኩ?

እማማ አሪፋ መጥተው በር ላይ ቆሙ። «እኔን ልጄ... እኔን» ይላሉ፣ አይገቡም።

«ይግቡ። ያስገባኋት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ገብተው ከእግሯ ርቀው ተቀመጡ።

የካቲት 11

ዛሬ ሰርክ የምትባለው ነርስ የሞተውን ቆዳ በመቀስ እየቆረጠች አነሳች። ሰብሪና የነርሷን መታወቂያ ይዛ ትጫወታለች። አለቀስኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

«ማየት ከከበደሽ ውጪ ቆዪ» አለችኝ ሰርክ።

«አመመኝ» አልኳት።

«ምንሽን?»

እግሬን አሳየኋት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። መቀሱን ከሰብሪና እግር አራቀች።

«እሺ፣ ሲያምሽ ንገሪኝ» አለች።

እየነገርኳት ጨረስን።