ቁልፍ ቢነቀልም የማይተኛ

ውድ አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ መኪናህ ውስጥ፣ በአንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ ነው። አስቀድመህ የምትጠይቀውን ልመልስልህ፤ አዎ፣ ዘይቱን አይቻለሁ። አዎ፣ ጫማዬን አራግፌ ነው የገባሁት። ሽቦ ግን ነክቻለሁ። በአንተ ዘመን ቤታችን ውስጥ ከስድብ ቀጥሎ የተከለከለው ነገር የመኪናህን ሽቦ መንካት እንደነበር አልረሳሁም፤ ስለዚህ ከመቆጣትህ በፊት ከሥሩ ስማኝ።

እማዬ ጆሮዋን ለፋብሪካው የሽመና ማሽኖች ሰጥታ ጡረታ እንደወጣች ታውቃለህ። አንተ ካረፍክ ወዲህ ጨዋታዋም አነሰ። አንድ ቀን ከባድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ መዳፏን መስኮቱ ላይ ለጥፋ፣ ዐይኗን ጨፍና አገኘኋት። ዐይኗን ስትገልጥ «ምን እያደረግሽ ነው?» ብላት፣ «እያዳመጥኩ» አለችኝ።

ያን ሳምንት የድምፅ ማጉያና ትልቅ ስፒከር ገዛሁ፤ መኪናህ ውስጥ ከእሷ ወንበር ሥርም ገጠምኳቸው። መመሪያውን አንብቤ፣ በገዛ እጄ። ያነበበ ሰው የማይሠራው ነገር የለም ብሎ የሚያምን ልጅ ያሳደግከው አንተ ነህ።

ስትላጭ የምታንጎራጉረውን ዘፈን ከፈትኩላት። መጀመሪያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቃ ተቀመጠች። ቀስ ብላ እጇን በሩ ላይ አሳረፈች። ቀጥላ ጫማዋን አወለቀች።

«ከበሮው ተረከዜ ላይ ነው!» ብላ ጮኸች። የድምፅዋን መጠን ስለማታውቅ መንገደኛው ሁሉ ዞረ። «ዘፋኙ ደግሞ እዚህ፣ ደረቴ ላይ!»

አባዬ፣ ሰው በተረከዙ ሲሰማ አይቼ አላውቅም ነበር። አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

በማግስቱ መኪናህ አልነሳ አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ገፋልን። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ አዲሱም የአሮጌውን ጠባይ ባንድ ሌሊት ተማረ። ጠዋት ጠዋት መግፋቱ የሰፈሩ ስፖርት ሲሆን፣ ከጋራዡ ኤሌክትሪሺያኑን ጠራሁ። ሰፈሩ «ፊውዝ» ነው የሚለው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል።

«ይሄን ጭፈራ ቤት ማን ነው የገጠመው?» አለ፣ የወንበሩን ሥር እያየ።

«እኔ።»

«በምን?»

«በመመሪያው።»

«እንግዲያው መመሪያው ይግፋልሃ! ንቀለው፤ ወይ መኪና ይኑርህ ወይ ጭፈራ ቤት።»

እማዬ የቤቱ በር ላይ ቆማ ከንፈሩን ስታነብ ኖሯል። «ምኑ ነው የሚነቀለው?» አለች። ወደ ወንበሩ ሥር ጠቆምኳት። ያን ጊዜ ፊቷን ሳየው፣ መኪናውን ራሱን ልሸጠውና ስፒከሩን ብቻ ላስቀርላት ነበር። መጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ጎንበስ ብላም ለማማሩ ብዬ ማጉያውን የሸፈንኩበትን ምንጣፍ ገልጣ መዳፏን አሳረፈችበት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

«ይሄ አልተኛም» አለች።

«እማማ፣ መኪናው ጠፍቷል እኮ!» አላት ፊውዝ።

«መኪናው ጠፍቷል። ይሄ አልጠፋም። አንተ ጎረምሳ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የቱ ማሽን እንደቆመ በጆሮ የሚያውቅ ያለ መሰለህ? በእጅ ነው!»

እኔም እጄን አኖርኩ፤ ብረት ብቻ ነው። ፊውዝም አኖረ፤ አልተሰማውም፣ ራሱን ነቀነቀ። የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን በባትሪውና በኬብሉ መሀል ሲያስገባ ግን ቁጥሩ ብድግ አለ። የማጉያውን ፊውዝ ሲነቅል ወደቀ፣ ሲመልሰው ተነሳ። ኤሌክትሪሺያኑ የሚያየው ቴስተሩን አልነበረም፤ እጇን ነበር።

«እማማ፣ ይሄን እጅ ለጋራዡ ያከራዩኝ» አለ በቀስታ።

«የቀረኝ እሱ ነው፤ አላከራይም።»

የቀረው ጥያቄ ቁልፉ ተነቅሎ ማጉያው ለምን እንደማይተኛ ነበር። የሚያነቃውን ቀጭን ሽቦ የቀጠልኩት ከሬድዮኑ መስመር ላይ ነው። መስመሩ ቁልፍ ሲነቀል ይሞታል ይላል መመሪያው። ፊውዝ ሬድዮኑን አወጣና ጭንቅላቱን ዳሽቦርዱ ሥር ከተተ።

«ና እስቲ። ይሄን የሠራው ጫማ ሰፊ ነው እንዴ?»

«አዎ» አልኩት። «አባቴ ነው።»

ከባትሪው በቀጥታ ወደ ሬድዮኑ የመጣ፣ ቁልፍ ቢነቀልም የማይሞት ሽቦ ነበር፤ መጋጠሚያው በቆዳ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ በሰም ክር በዚያ በማይፈታው ቋጠሮህ ታስሯል።

«ቁልፍ ሳይከፍት ሬድዮ መስማት ፈልጎ ነው» አለ ፊውዝ። «አሮጌ መኪና ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ይበላሻል። ግን ቆሞ ማንን ነው ይሄን ያህል የሚጠብቀው?»

እኔ አውቃለሁ ማንን እንደሆነ። ከኋላ ወንበር ሆኜ አይህ ነበር። የፋብሪካው በር ሲከፈት እጅህን ትዘረጋና ሬድዮኑን ታጠፋለህ። «ለምን አጠፋኸው?» ስልህ፣ «እናትህ መጣች።» በቃ። «ሬድዮ በራሱ ማጥፊያ ነው የሚጠፋው» እያልክ ስንወርድ ሁሉ ስትቆጣን፣ አመል ነው ብለን ነበር።

ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እያሳየሁ ነገርኳት። ሽቦውን በጣቷ ዳሰሰችው። ቋጠሮው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዝም ብሎ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር» አለች። «በእኔ የተነሳ የእሱም ጆሮ ጾመ ብዬ ስንት ዓመት አዘንኩለት። ሌባ!» ከዚያ ሳቀች። ለካ ሳቋ እንዲህ ነበር? ረስቼው ኖሯል።

ፊውዝ ቀጭኑን ሽቦ ከቁልፉ ጋር ወደሚሞት መስመር አዛወረው። ያንተን ሽቦ ሊቆርጥ ፒንሳውን ሲያነሳ ግን እጁን ያዘችው።

«እሱን ተወው።»

«እማማ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?»

«ይጠብቅበታል።»

መኪናህ አሁን ጠዋት ጠዋት ባንዴ ይነሳል፤ የሰፈሩም ስፖርት ቀረ። ዛሬ ፋብሪካው በር ላይ፣ አንተ ታቆምበት የነበረው ቦታ ቆመናል። ቁልፉን ነቀልኩ። ጎንበስ ብላ ማጉያውን ነካችና «ተኛ» አለች። ሬድዮኑ ግን በአንተ ሽቦ ይናገራል፤ በመኪናው በር ላይ ባለችው በአሮጌዋ ትንሽ ስፒከርህ። መዳፏን በሩ ላይ አድርጋለች፤ እኔም እንዳላስቸግራት መጻፍ ያዝኩ።

«ይሰማሻል?» አልኳት ቅድም።

«ትንሽ ነው» አለች፣ እጇን ሳታነሳ። «ግን አለ።»

ሬድዮኑን ወደፊትም በራሱ ማጥፊያ የሚያጠፋው፣

ልጅህ