ሊያ የበላችው አበባ

ዓርብ፣ የካቲት 8፣ 2011 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ምንጣፉን ሳራግፍ ግማሽ ሰዓት። አሸዋው አያልቅም። እዚህ ዓረብ አገር ከዝናቡ በኋላ በረሃው አብቧል ሲሉ ሰምተን ከከተማ ወጥተን ነበር። እውነትም መሬቱ ሐምራዊ። ሽታው ደግሞ! ባሌ ዳዊት ሥጋ ሲጠብስ እኔ ጋደም አልኩ። እንቅልፍም ወሰደኝ መሰለኝ። እንዲህ መዘርጋት ለእኔ ብርቅ ነው። ተመስገን።
ቆይ፣ ልጄ ሊያ እየጠራችኝ ነው።

12 ሰዓት
ሆስፒታል ነኝ። የምሠራበት፤ ዛሬ ግን እንደ እናት። ሊያ ሦስት ጊዜ አስመለሳት። አበባ በልታለች! ስድስት ዓመቷ እኮ ነው፤ ሽታው ጣፋጭ ስለሆነ ነው አለችኝ። ዶ/ሩ ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ ጠየቀ። አናውቅም። ማስታወሻዬ፣ እኔ ተኝቼ ነበር።
ኪሷ ውስጥ አንዲት ዘለላ ከነፍሬዋ ተገኘች። አጠገባችን የልጅ ልጃቸውን የሚያስታምሙ አሮጊት አሉ፣ ኡም ሳልም። ተቀብለው አሸተቷት።
«ኹዛማ ናት ልጄ፣ አትፍሪ። ፍየል ይበላታል። እኛም በልጅነታችን በልተናታል።»
ዶ/ሩ ግን በዚህ ስም የሚጠሩ ተክሎች ብዙ ናቸው አለ። ልክ ነው። ዘለላዋን ይዤ ወደ ላብራቶሪ ሮጥኩ።
ተረኛው ሙስጠፋ ነው፣ ሱዳናዊው ባልደረባዬ። ማይክሮስኮፑን ለቀቀልኝ። አራት የአበባ ቅጠሎች፣ በመስቀል ቅርጽ። ስድስት የወንዴ ክሮች፦ አራቱ ረጃጅም፣ ሁለቱ አጫጭር። ፍሬዋ ጠፍጣፋ፣ ዙሪያዋ እንደ ክንፍ የተዘረጋ። ሙስጠፋ በስልኩ የበረሃ ዕፅዋት መጽሐፍ ከፍቶ እያነበበ ያመሳክራል። ሁሉም ገጠመ። በወገኗ ውስጥ ብቻዋን ያለች ዝርያ ናት፤ እህት የላትም። ቤተሰቧ ግን የነጎመንና የነሰናፍጭ። መርዝ አላት የሚል አልተጻፈም።
ጎመን! ሳቅኩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሙስጠፋ፣ ኸላስ፣ በቃ እህቴ፣ ወደ ልጅሽ ሂጂ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ማስመለሱ ቆመ። ሊያ ብስኩት ጠየቀች። ዶ/ሩ የአበባውን ስም ማወቁ ረድቶኛል አለ፤ ጥፋቱ በደንብ ያልበሰለው ሥጋ ሳይሆን አይቀርም። ዳዊት መሬት መሬት ያያል። ጥፋቱ የእኔ እንቅልፍ ስላልሆነ ቀለለኝ ብል ኃጢአት ይሆን? አቀፍኩት። ከሰዓት ወደ ቤት።

ሰኞ፣ የካቲት 11፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ኡም ሳልምን ላመሰግን በምሳ ሰዓት ወደ ክፍላቸው ወጣሁ። የልጅ ልጃቸው ገና አልተሻለውም። ሌላ ተለዋጭ አስታማሚ የለም። ስድስተኛ ቀናቸው፣ ወንበር ላይ። እግራቸው አብጧል። ስለራሳቸው ሳይሆን ስለ ሊያ ይጠይቁኛል።
ለዳዊት ደወልኩ። ሊያን ከትምህርት ቤት እሱ ያመጣታል። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ከልጁ ጋር የምቀመጠው እኔ ነኝ። እሳቸው ቤታቸው ሄደው ይታጠቡ፣ አልጋቸው ላይ ይተኙ። መጀመሪያ እንቢ አሉ። እኔም እንቢ አልኩ።
በመጨረሻ እሺ ብለው ምርኩዛቸውን ከአሁኑ አጠገባቸው አዘጋጁ።